ቬኒስን በሳምንት መጨረሻ በቡድን ለመጎብኘት፦ ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው በፓዶቫ፣ በቦሎኛ፣ በሚላኖና በሌሎች የጣሊያን ከተሞች ለሚማሩና ቅዳሜንና እሑድን ከወዳጆቻቸው ጋር ቬኒስ ለማሳለፍ ላሰቡ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ነው። ሰዓቱ ሁሉ የጣሊያን ሰዓት ነው፤ ቀኑ፣ ወሩና ዓመተ ምሕረቱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ዋጋዎቹ በ2025 የነበሩ ስለሆኑ ከመነሳታችሁ በፊት አረጋግጡ።

የምንኖረው ፓዶቫ ነው፤ በባቡር ግማሽ ሰዓት ብቻ ይወስዳል። በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ እየተቻለ ለምን እናድራለን?

ከሁሉም ጥያቄዎች በፊት ይህን መመለስ ይገባል፤ የጉዞው መልካምነትም በዚህ ውሳኔ ላይ ይመሠረታል። ከረፋዱ 10፡00 እስከ አመሻሹ 17፡00 ድረስ ከባቡር ጣቢያው እስከ ሪያልቶ ድልድይ፣ ከሪያልቶ እስከ ሳን ማርኮ አደባባይ ያለው መንገድ በሰው ብዛት ይጨናነቃል። በበጋና በበዓላት ሰሞን ድልድዮቹን መሻገር ራሱ ወረፋ ነው። ጠዋት ገብቶ ማታ የሚወጣ ቡድን የሚያየው ይህንኑ ግፊያ ነው፤ ከዚያም «ቬኒስ ውድና የተጨናነቀች ናት» ብሎ ይመለሳል።

ያደረ ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል። ማለዳ 6፡30 ገደማ ብትወጡ ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ የእጅ ጋሪያቸውን በድልድይ ደረጃ ላይ እየጎተቱ ወደ ጀልባ ሲወስዱ፣ የአትክልት ሣጥን፣ የታሸገ ውሃና የሆቴል አንሶላ የጫኑ ጀልባዎች ከቦዩ ዳር ተጠግተው ሲያራግፉ ታገኛላችሁ። መኪና በሌለበት ከተማ ሕይወት እንዴት እንደሚንቀሳቀስ የሚታየው በዚያ ሰዓት ነው። ማታ ከ21፡00 በኋላ ደግሞ በካናሬጆ ሠፈር የቦይ ዳር መንገዶች ላይ የእግራችሁን ኮቴ ትሰማላችሁ።

ሌላም ምክንያት አለ። የጥንቷ ከተማ ነዋሪዎች በ1951 ወደ 175,000 ይጠጉ ነበር፤ ዛሬ ከ50,000 በታች ናቸው። በሪያልቶ አጠገብ በካምፖ ሳን ባርቶሎሜዮ አደባባይ የሚገኝ አንድ ፋርማሲ የቀሩትን ነዋሪዎች ቁጥር በመስኮቱ ላይ በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ያሳያል። ቀን ገብቶ ቀን የሚወጣ ጎብኚ ለእነዚህ ሰዎች የሚተርፋቸው ግፊያው ነው። እዚያው የሚያድር፣ እዚያው የሚበላ እንግዳ ግን ለከተማዋ የሚተወው ነገር አለው። ስለዚህ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፦ አንድ ሌሊት እደሩ፤ የምታዩትንም ቀንሱ።

ባቡሩ የት ያወርደናል?

የመጨረሻው ጣቢያ ቬኔዚያ ሳንታ ሉቺያ ነው፤ እዚያ ውረዱ። ከእሱ በፊት ያለው ቬኔዚያ ሜስትሬ ስሙ ቬኒስ ይበል እንጂ በየብስ ላይ ያለ ሌላ ከተማ ነው፤ «ቬኔዚያ» የሚለውን ሰምቶ እዚያ የሚወርድ ሰው ጥቂት አይደለም። ከሜስትሬ በኋላ ባቡሩ በ1846 በተመረቀው ድልድይ ላይ ሐይቅ መሳዩን ጥልቀት የሌለው ባሕር ያቋርጣል። ርዝመቱ ወደ አራት ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ስልካችሁን አስቀምጣችሁ በመስኮት ተመልከቱ።

የአካባቢው ባቡር ዋጋ ቀድማችሁ ብትቆርጡም በዕለቱ ብትቆርጡም አንድ ነው፤ መሽቀዳደም አያስፈልግም። የወረቀት ትኬት ከመሳፈራችሁ በፊት በጣቢያው ማሽን መመታት አለበት፤ በስልክ የተገዛ ከሆነ ደግሞ ከመነሻው በፊት ጉዞው መጀመሩን በስልኩ ላይ ማረጋገጥ ግዴታ ነው። ይህ ካልሆነ ትኬት እያላችሁ ትቀጣላችሁ። የሁሉንም ትኬት በአንድ ሰው ስልክ ላይ አታከማቹ፤ ያ ሰው ሌላ ፉርጎ ውስጥ ሲሆን ተቆጣጣሪ ይመጣል።

ስንት ሰው ብንሆን ይሻላል?

በአስጎብኚ የሚመሩ ቡድኖች ከ2024 ጀምሮ ከ25 ሰው መብለጥ አይችሉም፤ ድምፅ ማጉያም ተከልክሏል። እናንተ ያለ አስጎብኚ ብትሄዱም ከተማዋ ለብዙ ሰው አልተሠራችም። ካሌ ቫሪስኮ የተባለችው ጠባብ መተላለፊያ ስፋቷ 53 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሌሎቹም ቢሆኑ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከሄደ ከፊት ለሚመጣው ቦታ አይተርፍም። ነዋሪው ወደ ሥራ፣ አሮጊቷ ወደ ገበያ የሚሄዱት በዚያው መንገድ ነው። ቀኛችሁን ይዛችሁ በነጠላ ረድፍ ሂዱ፤ ፎቶ ለመነሳት ድልድይ መሐል አትቁሙ።

ከአምስት በላይ ከሆናችሁ ተከፋፈሉ። አራት አራት፣ አምስት አምስት ሁናችሁ እየዞራችሁ ምሳና ማታ ላይ ብትገናኙ ማንም ማንንም አይጠብቅም፤ «እኔ ሙዚየም እፈልጋለሁ»፣ «እኔ ደከመኝ» የሚለው ጭቅጭቅም ይቀራል። የመገናኛ ቦታ ስትመርጡ ድልድይ ወይም የሳን ማርኮ አደባባይ አይሁን። ካምፖ ሳንታ ማርጌሪታ ሰፊ ነው፤ የተማሪ ሠፈርም ስለሆነ ርካሽ ምግብ አለው። ካምፖ ሳን ጃኮሞ ዳ ሎሪዮ ደግሞ ዛፍና መቀመጫ አለው፤ ጸጥታም ይበዛዋል።

ለመኝታና ለጀልባ የሚሆነውን መዋጮ ከመነሳታችሁ በፊት ሰብስቡና አንድ ገንዘብ ያዥ ምረጡ። የምግቡን ለየራሳችሁ ተዉት።

ወደ ከተማዋ ለመግባት ይከፈላል የሚባለው እውነት ነው?

በተወሰኑ ቀናት፣ አዎ። ክፍያው የተጀመረው ሚያዝያ 25 ቀን 2024 ነው። በዚያ ዓመት 29 ቀናት ላይ ተፈጻሚ ሆነ፤ በ2025 ወደ 54 ቀናት አደገ። የሚጠየቀው በጸደይና በበጋ መጀመሪያ፣ በአብዛኛው ከዓርብ እስከ እሑድ፣ ከ8፡30 እስከ 16፡00 ባለው ጊዜ ለሚገባ ጎብኚ ነው። ቀደም ብሎ ለከፈለ 5 ዩሮ፣ በመጨረሻው ሰዓት ለሚከፍል 10 ዩሮ ነው።

በከተማዋ ውስጥ የሚያድር ሰው ይህን አይከፍልም፤ የመኝታ ግብሩን ስለሚከፍል ነው። ነገር ግን በማዘጋጃ ቤቱ ድረ ገጽ ተመዝግቦ የነጻ መግቢያ ኮዱን መያዝ አለበት። የቬኔቶ ክልል ነዋሪዎችም ነጻ ናቸው። እዚህ ላይ የፓዶቫና የቬሮና ተማሪዎች ልብ በሉ፦ ነዋሪ የሚባለው አድራሻውን በማዘጋጃ ቤት መዝገብ ያስመዘገበ እንጂ በክልሉ የሚማር ሁሉ አይደለም። ቀናቱ በየዓመቱ ስለሚለወጡ የእናንተ ቅዳሜ ከእነሱ ውስጥ መሆን አለመሆኑን ተመልከቱ።

ምን ዓይነት ሰነድ እንያዝ?

እያንዳንዱ ሰው ፓስፖርቱንና የመኖሪያ ፈቃዱን ይያዝ። የጣሊያን ሆቴሎች ያደረውን እንግዳ ሁሉ ለፖሊስ የማስታወቅ ሕጋዊ ግዴታ ስላለባቸው መታወቂያ የሌለውን አያሳድሩም፤ የስልክ ፎቶም ብዙ ጊዜ አይቀበሉም። ፈቃዱ ገና በሂደት ላይ ያለ ተማሪ ፓስፖርቱንና የማመልከቻውን ደረሰኝ ይዞ በጣሊያን ውስጥ መጓዝ ይችላል። ከጀርመን ወይም ከኔዘርላንድስ የሚቀላቀላችሁ ወዳጅ ካለ የዚያ አገር የመኖሪያ ፈቃዱና ፓስፖርቱ ያስገባዋል። የተማሪ መታወቂያ ለሙዚየም ቅናሽ ይጠቅማል።

የት እንደር?

ሜስትሬ ይረክሳል፤ ባቡርና ትራምም አለው። ነገር ግን ማታውንና ማለዳውን ይወስድባችኋል፤ የማደሩ ጥቅም ደግሞ እነዚያ ሁለቱ ነበሩ። ገንዘብ ካጠረ በዚያ አድሮ ማለዳ መግባት ከምንም ይሻላል። ከቻላችሁ ከጣቢያው በእግር የሚደረሰውን ካናሬጆን ወይም ሳንታ ክሮቼን ምረጡ። በጁዴካ ደሴትም ለወጣቶች የሚሆን ማደሪያ ይገኛል፤ ለመግባትና ለመውጣት ግን ጀልባ ያስፈልጋል።

ዋጋው የሚወርደው በኅዳርና ከአዲስ ዓመት በዓል በኋላ በጥር ነው። በየካቲት የሚውለው የካርኒቫል ሰሞን ለተማሪ ኪስ አይመከርም። ከክፍሉ ዋጋ ውጭ በነፍስ ወከፍ የሚከፈል የአዳር ግብር አለ፤ ዝርዝር ገንዘብ ያዙ። ጎማ ያለው ሻንጣ ግን እባካችሁ አታምጡ። ከ400 በላይ ድልድይ ባለበት ከተማ፣ አብዛኛውም ደረጃ በሆነበት፣ በጀርባ የሚታዘል ቦርሳ ይበቃል።

የቫፖሬቶ ትኬት እንግዛ ወይስ በእግር እንሂድ?

ቫፖሬቶ የሕዝብ ማመላለሻ ጀልባው ነው። ለአንድ ጉዞ፣ ማለትም ለ75 ደቂቃ፣ 9.50 ዩሮ ያስከፍላል። የ24 ሰዓቱ 25፣ የ48 ሰዓቱ 35 ዩሮ ነው። ዕድሜው እስከ 29 ዓመት የሆነ ሰው ሮሊንግ ቬኒስ የተባለውን ካርድ ከያዘ የ72 ሰዓቱን በቅናሽ ያገኛል፤ ለሁለት ቀንም ቢሆን ከሁሉ የሚያዋጣው ይህ ነው።

ወደ ደሴቶቹ የማትሄዱ ከሆነ ግን በእግር ይሻላል። ከጣቢያው እስከ ሳን ማርኮ 40 ደቂቃ ያህል ነው፤ ጀልባውም ከዚያ አይፈጥንም። ያን ጊዜ አንድ ትኬት ብቻ ገዝታችሁ ለምሽት አስቀምጡት። ሲመሽ ከፒያሳሌ ሮማ 1 ቁጥር ጀልባን ተሳፍራችሁ ከተቻለ ከፊት በኩል ውጭ ተቀመጡ፤ እስከ ሳን ዛካሪያ ድረስ 3.8 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውን ታላቁን ቦይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያሳያችኋል። በቤተ መንግሥቶቹ ፎቅ ላይ መብራት ሲበራ በእንጨት የተሠራው ያጌጠ ጣሪያቸው ከታች ይታያል። የሪያልቶ የድንጋይ ድልድይ፣ ከ1588 እስከ 1591 የተሠራው፣ በአንድ ቅስት ብቻ ከራሳችሁ በላይ ያልፋል። ለዚያ 9.50 ዩሮ አይቆጭም።

ጎንዶላስ?

ዋጋው በከተማው የተወሰነ ነው፦ ቀን ለ30 ደቂቃ 90 ዩሮ፣ ማታ ለ35 ደቂቃ 110 ዩሮ። የሚከፈለው ለጀልባው እንጂ በነፍስ ወከፍ ስላልሆነ አምስት ሆናችሁ ብትካፈሉ 18 ዩሮ ይደርሳችኋል። ለምትፈልጉት ተገቢ ነው፤ ከዋናው ቦይ ይልቅ ከውስጥ ትናንሽ ቦዮች ተነሱ።

እኔ ግን ትራጌቶን እመርጣለሁ። ድልድይ በሌለበት ቦታ ሰውን ከታላቁ ቦይ ማዶ ለማዶ የሚያሻግር፣ በሁለት ቀዛፊ የሚሄድ ተራ ጎንዶላ ነው። ለእንግዳ 2 ዩሮ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከሳንታ ሶፊያ ተሳፍራችሁ ማዶ ወደ ሪያልቶ የዓሣ ገበያ ተሻገሩ። ገበያው እሑድና ሰኞ ዝግ ነው።

ካርታው ያሳስተናል ይላሉ። ብንጠፋስ?

መጥፋታችሁ አይቀርም፤ ጉዳትም የለውም። ከተማዋ በስድስት ሠፈር የተከፈለች ናት፦ ካናሬጆ፣ ካስቴሎ፣ ሳን ማርኮ፣ ዶርሶዱሮ፣ ሳን ፖሎና ሳንታ ክሮቼ። የቤት ቁጥር የሚሰጠው በመንገድ ሳይሆን በሠፈር ስለሆነ በሺዎች ይቆጠራል። «ካስቴሎ 4000» ብሎ አድራሻ የሰጣችሁ ሰው ምንም አልነገራችሁም። አዲስ አበባ ላይ «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከድልድዩ ወረድ ብሎ» እያልን እንደምንጠቋቆመው ሁሉ እዚህም ቅርብ ያለውን ቤተ ክርስቲያን፣ አደባባይ ወይም ድልድይ ጠይቁ። ግድግዳ ላይ ያሉት ቢጫ ምልክቶች ወደ ሪያልቶ፣ ወደ ሳን ማርኮና ወደ ባቡር ጣቢያው ይመራሉ። የስልክ ካርታ በከፍታ ቤቶች መካከል ስለሚሳሳት መንገዱ ውሃ ላይ ካለቀ ተመለሱና ሌላውን ሞክሩ።

የሳን ማርኮ ቤተ ክርስቲያን መቼ ይታያል? ለእኛስ ምን ትርጉም አለው?

ቅዳሜ ግቡ። እሑድ ጠዋት ለጸሎት የተጠበቀ ስለሆነ ጎብኚ የሚገባው ከ14፡00 በኋላ ነው፤ ወረፋውም ይረዝማል። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ፣ ትልቅ ቦርሳ አታስገቡም። ነጠላ የያዘች እህት ችግር የለባትም።

ትርጉሙን በተመለከተ፣ ለኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመን ይህ ቦታ ከሥነ ሕንፃ በላይ ነው። እስክንድርያ የወንጌላዊው ማርቆስ መንበር ናት። ቤተ ክርስቲያናችን በ1959 የራሷን ፓትርያርክ እስክታገኝ ድረስ ለዘመናት ጳጳሷን ስትቀበል የኖረችው ከዚያ መንበር ነው። ትውፊቱ እንደሚለው በ828 ሁለት የቬኒስ ነጋዴዎች የቅዱሱን ዐፅም ከእስክንድርያ ሰርቀው አወጡ፤ የወደቡ ሙስሊም ጠባቂዎች እንዳይፈትሹትም በአሳማ ሥጋ ሸፈኑት። ታሪኩን በሞዛይክ ከደጁ ግንባር ላይ ታዩታላችሁ። በግራ ዳር ካለው በር በላይ ያለው ሞዛይክ የ13ኛው መቶ ዘመን ነው፤ ዐፅሙ ወደዚሁ ሕንፃ ሲገባ ያሳያል። ቀረብ ብላችሁ ብታዩ በሥዕሉ ውስጥ የተሳለው ቤተ ክርስቲያን እናንተ የቆማችሁበት ራሱ ነው።

ዐፅሙ በዋናው መንበር ሥር ይገኛል። ከእሱ የተከፈለውን የሮማ ካቶሊክ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ ስድስተኛ በ1968 ለግብፅ ቤተ ክርስቲያን መለሱ፤ በዚያው ወር ካይሮ ላይ የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል ሲመረቅ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተገኝተው ነበር።

ወደ ላይኛው ሰገነት ለመውጣት ተጨማሪ ይከፈላል፤ ክፈሉ። አራቱ የነሐስ ፈረሶች እዚያ ናቸው፤ ውጭ የቆሙት ቅጂ፣ ውስጥ ያሉት ዋናዎቹ። ቬኒሳውያን በ1204 ከቁስጥንጥንያ ዘረፏቸው፤ ናፖሊዮን በ1797 ከቬኒስ ወደ ፓሪስ ወሰዳቸው፤ በ1815 ተመለሱ። በ1937 ወደ ሮም የተወሰደው የአክሱም ሐውልት እስከ 2005 ሲጠበቅ ለኖረ ሕዝብ ልጅ ይህን ታሪክ ቆሞ ማንበብ የተለየ ስሜት አለው።

ከዚህ ሌላ ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኝ የምናየው ነገር አለ?

አለ፤ አብዛኛው ጎብኚ ሳያውቀው ያልፈዋል። በ1402 የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች አንቶኒዮ ባርቶሊ በተባለ ፍሎሬንሳዊ መሪነት ቬኒስ ገብተው ነበር። ካመጧቸው ስጦታዎች መካከል ሕያው ነብሮች ይገኙበታል። የፈለጉት ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የሚሆን ንዋየ ቅድሳትና ባለሙያ ነበር። በአውሮፓ ምድር ከታወቁት የኢትዮጵያ ነገሥታት መልእክተኞች ከቀዳሚዎቹ መካከል እነዚህ ይገኛሉ። በዚያው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ደግሞ ጉዞው ተገልብጦ ኒኮሎ ብራንካሌዮን የተባለ ቬኒሳዊ ሠዓሊ ወደ ኢትዮጵያ ሄደ። መርቆርዮስ ተብሎ አርባ ዓመት ያህል በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ሲሥል ኖረ። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ እዚያው አግኝቶታል።

በዓይን የሚታየው ማስረጃ ግን የፍራ ማውሮ የዓለም ካርታ ነው። ፍራ ማውሮ ከሙራኖ አጠገብ ባለችው በሳን ሚኬሌ ደሴት ገዳም የኖረ መነኩሴ ነበር። ካርታውን የሠራው በ1450 ገደማ ነው፤ ዛሬ የማርቺያና ቤተ መጻሕፍት ንብረት ነው። ከሁለት ሜትር በላይ ስፋት ያለው ክብ ነው፤ ደቡብ ከላይ፣ ሰሜን ከታች ነው። ስለዚህ አፍሪካ ከላይ ተቀምጣለች። የኢትዮጵያ ክፍል ጢም ብሎ በስም ተሞልቷል፤ አባይና አዋሽ ከነስማቸው አሉ። መነኩሴው ራሱ በካርታው ላይ እንደጻፈው ይህን ያገኘው ከዚያው አገር ከተወለዱ የሃይማኖት ሰዎች ነው፤ አውራጃዎቹን፣ ወንዞቹንና ተራሮቹን በእጃቸው ሥለው አሳይተውታል። የነዚያ አባቶች ስም አልተጻፈም። ዕውቀታቸው ግን እዚያ ግድግዳ ላይ አለ። ፊደሎቹ ደቃቅ ስለሆኑ ጊዜ ስጡት፤ እያንዳንዱን ስም በጣሊያንኛው አጻጻፍ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ከወዳጅ ጋር የሚሠራ ደስ የሚል ሥራ ነው።

የሳን ማርኮ ሙዚየሞች የጋራ ትኬት ዶጅ ይባሉ የነበሩትን የቀድሞ የቬኒስ መሪዎች ቤተ መንግሥት፣ ኮሬር ሙዚየምንና የማርቺያናን ጥንታዊ አዳራሾች ያጠቃልላል። ከ15 እስከ 25 ዓመት ያሉ ተማሪዎች ቅናሽ አላቸው፤ የሮሊንግ ቬኒስ ካርድ የያዘም እንዲሁ። ሁሉንም በአንድ ቀን ለመጨረስ አትሩጡ። ከቤተ መንግሥቱና ከካርታው አንዱን መምረጥ ካለባችሁ ካርታውን እላለሁ።

ጉዞአችሁ በየሁለት ዓመቱ የሚቀርበው ዓለም አቀፍ ዐውደ ርእይ፣ የሥነ ጥበብ ቢየናሌ፣ ከሚካሄድበት ወቅት ጋር ከተገጣጠመ፣ ኢትዮጵያ በ2024 ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ማሳያ አዳራሽ መሳተፏን አስታውሱ፤ የቀረቡት የተስፋዬ ኡርጌሳ ሥዕሎች ነበሩ። የሥነ ጥበቡ ቢየናሌ የሚውለው በተጋማሽ ቁጥር በሚያልቁ ዓመታት ነው።

ጾም ላይ ነን። ምን እንበላለን?

ብዙዎች የሚጨነቁበት ነው፤ መልሱ ቀላል ነው። በየፒዛ ቤቱ «ማሪናራ» የሚባል ፒዛ አለ፦ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቅመምና ዘይት፣ አይብ የሌለው። ከዝርዝሩ ሁሉ ርካሹም እሱ ነው። ፓስታ በቲማቲም ስትጠይቁ አይብ እንዳይነሰነስበት ተናገሩ። የተጠበሰ ፖሌንታ (የበቆሎ ገንፎ) በአትክልት፣ የተቀቀለ ባቄላ፣ በዘይት የተዘጋጀ አርቲቾክ በየቦታው አለ።

ጥንቃቄ የሚሹም አሉ። በከተማዋ የታወቀው ቢጎሊ ኢን ሳልሳ የተባለው ፓስታ ሽንኩርት ብቻ ያለበት ይመስላል፤ ነገር ግን ዓሣ አለበት። ሳርዴ ኢን ሳኦርም እንዲሁ የዓሣ ነው። የባቄላ ሾርባ ብዙ ጊዜ በሥጋ መረቅ ይሠራል። ስትጠይቁ «ሥጋ የለውም ወይ?» ብቻ አትበሉ፤ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል እያላችሁ አንድ በአንድ ቁጠሩ።

ለማይጾም ባካሮ የሚባሉት ትናንሽ መሸታ ቤቶች ይመቻሉ። ቺኬቲ የሚባሉ በቁራሽ ዳቦ ላይ የሚቀርቡ ትናንሽ ምግቦች በመስታወቱ ውስጥ ተደርድረው ታዩና በጣት እያመለከታችሁ ታዝዛላችሁ። በካናሬጆ የሚዜሪኮርዲያ ቦይ ዳር በርከት ይላሉ። ቆሞ መብላት ይረክሳል፤ ከተቀመጣችሁ የመቀመጫ ክፍያ ይጨመራል። ማኪያቶውም እንደዚሁ ነው፦ ባንኮኒው ላይ ቆማችሁ ጠጡት። በሳን ማርኮ አደባባይ ካሉት ቡና ቤቶች ከ1720 ጀምሮ ያለው ፍሎሪያን ታሪካዊ ነው፤ ሙዚቃ በሚጫወትበት ሰዓት ግን ለሙዚቃውም ትከፍላላችሁ። ከውጭ አይቶ ማለፍ ይበቃል።

ውሃ አትግዙ። በየአደባባዩ ያሉት ቧንቧዎች የሚጠጣ ንጹሕ ውሃ ያፈሳሉ።

የሚያስቀጣ ነገር ምንድን ነው?

በሐውልትና በድልድይ ደረጃ ላይ መቀመጥ፣ መሬት ላይ ምግብ ዘርግቶ መብላት፣ ቦይ ውስጥ መዋኘት ወይም እግር መንከር፣ እርግብ መመገብ፣ ብስክሌት መግፋት ሁሉ ያስቀጣል። ከቤት የቋጠራችሁትን ምግብ ለመብላት ወንበር ያለበት አደባባይ ፈልጉ። ሌሊት ጩኸትም ተከልክሏል፤ በጠባቡ መንገድ ድምፅ ወደ ላይኛው ፎቅ እንዴት እንደሚወጣ ክፍላችሁ ውስጥ ስትተኙ ታውቁታላችሁ።

ከተማዋ እየሰመጠች ነው ይባላል። በውኃ ሙላት ጊዜ ብንደርስስ?

ሙላቱ በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ከፍተኛው ኅዳር 4 ቀን 1966 የደረሰው 194 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ኅዳር 12 ቀን 2019 ደግሞ 187 ደርሷል። ከጥቅምት 2020 ጀምሮ ሞዜ የተባለው ግድብ ይሠራል። 78 የብረት በሮች በባሕሩ ወለል ላይ ተኝተው ይቆዩና 110 ሳንቲ ሜትር ሲተነበይ አየር ተሞልተው ይነሳሉ፤ ባሕሩንም ይዘጋሉ። የሳን ማርኮ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያም በመስታወት ግድግዳ ተከልሏል። ከ110 ሳንቲ ሜትር በታች በሚሆን ሙላት ግን ዝቅ ያለው የሳን ማርኮ አደባባይ ውኃ ይይዛል፤ ያን ጊዜ ከእንጨት የተሠራ ከፍ ያለ መተላለፊያ ይዘረጋል። ሙላቱ የሚቆየው ጥቂት ሰዓት ነውና ሠፈር ቀይሩ። ከተማው የሦስት ቀን ትንበያ ያወጣል፤ ዓርብ ዕለት ተመልከቱት።

ሕንፃዎቹ የቆሙት ጭቃው ውስጥ በተተከለ እንጨት ላይ ነው። አየር በማይደርስበት ቦታ ስለተቀበረ አይበሰብስም። ከ1630ው ወረርሽኝ በኋላ በስእለት ለተሠራው ለሳንታ ማሪያ ዴላ ሳሉቴ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ግንድ ተተክሏል።

ሙራኖንና ቡራኖን እንጨምር?

አንዱን ብቻ፣ እሑድ ጠዋት። ሙራኖ በ1291 ከእሳት ፍርሃት የተነሳ የመስታወት ምድጃዎች ከከተማው የተዛወሩባት ደሴት ናት፤ ከፎንዳሜንቴ ኖቬ በጀልባ አሥር ደቂቃ ያህል ትርቃለች። ቡራኖ በ12 ቁጥር ጀልባ 40 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ ቤቶቿ በደማቅ ቀለም የተቀቡ ናቸው፤ በዳንቴል ሥራም ትታወቃለች። ለፎቶ ቡራኖ፣ ለእጅ ሥራ ሙራኖ። በጣም ርካሽ «የሙራኖ መስታወት» በመንገድ ዳር ሱቅ ካያችሁ ከሙራኖ አይደለም።

እሑድ በስንት ሰዓት እንነሳ?

ከ17፡00 እስከ 19፡00 ያሉት ባቡሮች የቀን ጎብኚውን ሁሉ ጭነው ነው የሚሄዱት፤ ቆማችሁ ልትጓዙ ትችላላችሁ። ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቢኖራችሁም ወደ ፓዶቫ የምትመለሱ ከሆነ እራታችሁን በልታችሁ ከ20፡00 በኋላ ተሳፈሩ። ባቡር እስከ ሌሊት አለ፤ የዕለቱን የመጨረሻ ሰዓት ግን በጣቢያው ሰሌዳ ላይ አስቀድማችሁ እዩ። ሚላኖና ቦሎኛ የምትሄዱ ፈጣኑን ባቡር የቆረጣችሁ እንደሆነ ትኬቱ ለዚያ ባቡር ብቻ ስለሚያገለግል ከመነሻው 45 ደቂቃ በፊት ወደ ጣቢያው መራመድ ጀምሩ።